ራሱ ስለቆመ መኪና

ለንስር ዓይን፣ የመኪና ማቆሚያ ተቆጣጣሪ ድርጅት፤
ከኢኒድ ታተርሶል፤ ግሪምስቢ፣ ሰርዲን መንገድ፣ ቤት ቁጥር ስምንት።

ጤና ይስጥልኝ ብዬ ልጀምር በወጉ፤
ጠብም ቢሆን ሰላምታ ይቀድመዋል፣ ነውና ሕጉ።
ደብዳቤያችሁ ደረሰችኝ፣ ማክሰኞ ከቁርስ በኋላ፣
ከጥርስ ሐኪም ቀጠሮና ከመስኮት ሻጭ ወረቀት ጋር ተጠቅልላ።
በቀይ ቀለም "መቶ ፓውንድ" ብላ ትጮኻለች፣
ዝቅ ብላ በደቃቅ ፊደል ትለሳለሳለች፦
በዐሥራ አራት ቀን ውስጥ ከከፈልኩ ስልሳ፣
ካለፈ ግን መቶ፤ ምሕረቱም ተነሣ።
ምን ዓይነት ጥፋት ነው እንደ ካም ቅናሽ የሚወጣለት፣
"ቀኑ ሳያልፍ ብሉኝ" የሚል ቢጫ ወረቀት የተለጠፈበት?

ፎቶም አያይዛችኋል፤ አንዱ ስገባ፣ አንዱ ስወጣ።
ነፍሱን ይማረውና ሲሪል፣ በአርባ ዓመት የትዳር ጣጣ
ካሜራ ይዞ ከኋላዬ አንድም ቀን አልመጣ።

"ሁለት ሰዓት በነፃ" ይላል፣ አሉ፣ ምሰሶው፤
ይበል፤ ቀጭኔ ብሆን ኖሮ በደንብ ነበር የማነበው።
በምሰሶ አልሟገትም፤ ቁም ነገሩ "ቁም" የሚለው ነገር ነው፤
ዐሥራ አንድ ደቂቃ አሳልፈሻል አላችሁኝ፤ እስቲ እንየው።

በላ ልበልህ፣ ንስር ዓይን!

አራት ሰዓት ከአራት ገባሁ፣ ስድስት ከሩብ ወጣሁ፤ አልክድም።
ዱቄት፣ የድመት ምግብ፣ አራት ሙዝ፤ ደረሰኙ አይዋሽም።
ስድስት ሲል ተመልሼ፣ ቀበቶዬን አስሬ፣ ቁልፉን አዞርኩት፤
"ክህ" አለ። ደገምኩት። "ክህ" አለ። ለመንኩት፤ ሰደብኩት።
የሃያ ሦስት ዓመት ሚክራ፣ ባትሪው እንደ ጉልበቴ የደከመ፣
እኔ አላቆምኩትም፣ ክቡራን፤ እሱ ነው የቆመ!
ማቆምና መቆምን ለማይለይ ካሜራ
ማን ሰጠው ሥልጣኑን፣ ባልቴት እንዲያስፈራራ?
ሰው ልቡ ሲቆም፣ "ያለ ቦታው አቆመ" ተብሎ ይቀጣል?
እንዲያማ ከሆነ ለሲሪል መቃብርም ደረሰኝ ይላካል፤
ስድስት ዓመት ንቅንቅ አላለም፤ ሒሳቡን ማን ያሰላል?

አሁን ሁለተኛውን ፎቶ አውጡ፤ መነጽር ያላቸው ይዩት በዓይናቸው፤
መሪው ላይ እኔ ነኝ። ከኋላ የሚገፉት ግን እነማን ናቸው?
አንዱ ኪራን፣ ጋሪ ሰብሳቢው፣ አረንጓዴ ሰደርያ የለበሰ፤
አንዷ ግሌንዳ፣ ከዓሣ መሸጫው፣ ጓንቷ በሃዶክ የራሰ፤
ሦስተኛው ሥራ አስኪያጁ ሚስተር ኦልደርሾ፣ ክራባቱን በትከሻው የመለሰ።
የሱፐርማርኬቱ ሰዎች ናቸው የገፉኝ እስከ በሩ፤
በእጃቸው አስወጥተው "ለምን ቆየሽ?" ሊሉኝ ነው ነገሩ?
መንገድ ላይ ሁለቴ አርፈናል፤ የሚስተር ኦልደርሾ ወገብ ነው ችግሩ።

ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ሾርባ የቀዳሁ ሴት ነኝ፤
ወስዶ ያልወሰደ የሚመስል ልጅ ገና ከበር ይታወቀኛል፣ አታሞኙኝ።

ስለዚህ በበኩሌ ይህን ሒሳብ አቅርቤአለሁ፦
ደብዳቤ ለማንበብ አርባ ደቂቃ፣ መነጽር ፍለጋውን ጨምሬአለሁ፤
ለመልሱ ቴምብር፤ ለድንጋጤዬ አንድ ፓኬት ብስኩት፤
ድምሩ መቶ አንድ ፓውንድ። በዐሥራ አራት ቀን ከከፈላችሁት
ስልሳ እቀበላለሁ፤ ጨካኝ አይደለሁም።
ማስረጃ ፎቶ ግን የለኝም፤ የቢሯችሁን ጀርባ አላነሣሁም።

አንድ ልመና ብቻ፤ ያንን ሁለተኛ ፎቶ አጉልታችሁ ላኩልኝ።
ኪራን ሲያቃስት፣ ግሌንዳ ስትንከተከት፣
እኔም አንገቴን በመስኮት አውጥቼ፣ ወደ ኋላ ዞሬ፣ "ግፉ!" እያልኩ ስስቅ።
ስድስት ዓመት ሆነው፣ ስስቅ ማንም ካነሣኝ።
እከፍልበታለሁ፤ ዋጋውን ንገሩኝ።

መቶ ግን አይሆንም።